የሰው ወግ የሰው ገንዘብ ነው

ሰው ሁሉ እንጀራውን የሚያገኘው በአንድ ዓይነት ሥራ ነው። ገበሬ ከመሬት፥ ሸማኔ ከድር፥ ነጋዴም ከገበያ ያገኛል። እኔ ግን በወጣትነቴ ዘመን እንጀራዬን ያገኘሁት ከሰው አፍ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስል ለማኝ ነበርሁ ማለቴ አይደለም። ሥራዬ ከመቱ ከተማ እየተነሣሁ በኢሉባቦር ከተሞችና መንደሮች መዞር፥ ሽማግሎችና አሮጊቶች የሚያወሩትን ተረትና ወግ በደብተር መጻፍ፥ የጻፍሁትንም መሸጥ ነበር።

ይህ ሥራ ስድስት ዓመት አበላኝ። ብዙ ነገርም አስተማረኝ። ከሁሉ የበለጠውን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከገዛ ጥፋቴ ነው። ጥፋትን መናገር ያሳፍራል፤ ነገር ግን የአንዱ መውደቅ ለሌላው መንገድ ማሳያ ይሆናልና፥ ወጣቶች እንዲያነቡት ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ።

በ1985 ዓ.ም. በእጄ የነበረው የጽሕፈት ሥራ አለቀና በመቱ ከተማ ያለ ሥራ ቀረሁ። በዚያ ወራት ለራዲዮ የሚሆን ወግ የሚያዘጋጅ አንድ ሰው ወደ ከተማችን መጥቶ ነበር። ኦሮምኛም አማርኛም አጣርቼ እንደምናገር በሰማ ጊዜ አስጠራኝና፥ «በየገጠሩ የሚወራውን ተረት በንጹሕ ጽሕፈት ጽፈህ ብትልክልኝ ለያንዳንዱ ዐሥር ብር እከፍልሃለሁ፤ እውነተኛ ታሪክ የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ ይልቁንም የባለታሪኩ ስምና አገር ከተጻፈበት፥ ዋጋው ከፍ ይላል» አለኝ። ወሬ በገንዘብ ሲገዛ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነበርና በልቤ ሣቅሁ።

ቀላል እንጀራ መስሎኝ ነበር። አንድ የትከሻ ከረጢት፥ ሁለት ደብተር፥ ጥቂት እስክሪብቶና ጃንጥላ ይዤ ተነሣሁ። ኢሉባቦር በኢትዮጵያ ውስጥ ዝናብ እጅግ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዱ ስለ ሆነ ጃንጥላው ለጌጥ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜም ጃንጥላውን ለደብተሩ ሰጥቼ እኔ እየበሰበስሁ እሄድ ነበር። በአንድ ወገን ሁሩሙን፥ ያዮንና በደሌን፥ በሌላው ወገን ጎሬንና ቡሬን አዳርሳለሁ። የምሄደውም የገበያ ቀን እየቈጠርሁ ነው፤ በየመንደሩ ወግ ዐዋቂው ማን እንደ ሆነ የሚሰማው በገበያ ነውና። መኪና በተገኘ ጊዜ በቡና ጆንያ ላይ ተቀምጬ፥ ባልተገኘ ጊዜ በእግሬ በጭቃው ውስጥ እጓዝ ነበር።

ሥራው የራሱ ሕግ ነበረው። ሰውን «ተረት ንገረኝ» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ አይገባም፤ ሰውዬው ወይ ያፍራል፥ ወይም «ተረት የልጆች ነው» ብሎ ይሸኝሃል። አስቀድሞ ሰላምታ፥ ቀጥሎ ስለ ከብቱና ስለ ቡናው መጠየቅ፥ ከዚያም ቡናው እስኪፈላ በትዕግሥት መቀመጥ ያስፈልጋል። በብዙ ቤት ቡናው የሚጠጣው በጨው ነበር፤ ከጎኑም የተቀቀለ ጎደሬ ወይም የበቆሎ ቂጣ ይቀርባል። ተረት የሚወራው ሥራ ካለቀ በኋላ ማታ በምድጃ ዙሪያ ነው፤ በቀን ተረት የሚያወራ ሥራ ፈት ይባላል። ከትልልቆቹ በፊት ልጆቹ ይጀምራሉ፤ በኦሮምኛ ሂቦ የሚባለውን እንቆቅልሽ እየተጠያየቁ ይሣሣቃሉ። ከዚያ እኔ ራሴ አንድ ተረት እነግራለሁ፤ የቤቱም ባለቤት እንደ ብድር ቈጥሮት ሁለት አድርጎ ይመልስልኛል። ደብተሬን ከከረጢቱ የማወጣው ሰዉ ሁሉ ከተኛ በኋላ በኩራዝ ብርሃን ነበር። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያን ጊዜ እንደ ብልሃት እቈጥረው ነበር፤ ዛሬ ግን የጥፋቴ መጀመሪያ እርሱ እንደ ነበረ ዐውቃለሁ።

ከሥራው ያገኘሁት ጥቅም ገንዘብ ብቻ አይደለም። ጎሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ መቱ ሳትተካት የኢሉባቦር ዋና ከተማ የነበረች ናት። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1902 በተደረገው ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ስፍራ ከተፈቀደላቸው በኋላ ጋምቤላ ወደብ ሆነች፤ የዚህ አገር ቡናም ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ቈላ እየወረደ፥ ክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። እኔ ግን በልጅነቱ አባቱን ተከትሎ በዚያ መንገድ የተመላለሰ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። መጽሐፉ ስለ ውሉና ስለ መርከቡ ይነግረናል፤ ሽማግሌው ግን ቍልቍለቱ ጕልበቱን ምን እንዳደረገው፥ አባቱም በቈላው ንዳድ የታመመ ጊዜ ሸክሙን ማን እንደ ተቀበለው ነገረኝ። ታሪክ ሁለት ዐይን እንዳለው የተረዳሁት ያን ቀን ነው።

ሁሩሙም እንደ እኔ ላለ ሠራተኛ ትልቅ ስፍራ ናት። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐመው ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለደው በዚህች ከተማ አጠገብ ነው። ልጅ ሳለ ከቤተ ሰቡ ተነጥቆ፥ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ ሲተላለፍ ቈይቶ፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። ኋላም በሥራው አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት ረዳችው። እርስዋም እንደ እርሱ የተሸጠች ነበረች፤ በ1886 በቀይ ባሕር ላይ ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ የኢጣልያ መርከብ አስጣላትና በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች። ከአገርዋ የወጣችው ባዶ እጅዋን ነው፤ ሊወስዱባት ያልቻሉት በአእምሮዋ የያዘችውን ብቻ ነበር። ተረቱን፥ ዘፈኑን፥ ምሳሌውንና እንቆቅልሹን እያስታወሰች 500 ያህል ጻፈች፤ ከዚህም ከፊሉ በ1894 ከኦነሲሞስ ጋር ባዘጋጀችው የኦሮምኛ ንባብ መማሪያ መጽሐፍ ታተመ።

ይህን ታሪክ በሰማሁ ጊዜ ኩራት ተሰማኝ። «እኔም የአስቴር የሥራ ወንድም ነኝ» እያልሁ በልቤ እመካ ነበር። ነገር ግን እርስዋ የጻፈችው የገዛ አገርዋንና የገዛ ልቧን ገንዘብ ነው፤ እኔ የምጽፈው የሰውን ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል አላየሁትም። ገደሉን ያየሁት ከገባሁበት በኋላ ነው።

በ1988 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ የቡና ለቀማ በደረሰበት ጊዜ፥ ስሙን በማልጽፈው አንድ መንደር ከአንዲት አሮጊት ቤት አደርሁ። የቤቱ ሰው ሁሉ አኮ ይላቸው ነበር፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኔም አኮ አልኋቸው። ልጆቹ ተኝተው እሳቱ ሊዳፈን ሲል ስለ አያታቸው አንድ ወግ ነገሩኝ። አያታቸው በዚያ መንደር የተወለደች አልነበረችም፤ ልጅ ሳለች ከሩቅ አገር ተነጥቃ፥ ተሸጣ የመጣች ናት። በዚያው አደገች፥ በዚያው ወለደች፥ በዚያው ተቀበረች። አኮ ወጉን ሲጨርሱ አመዱን በእንጨት እየጫሩ፥ «ይህን የነገርሁት ለእሳቱ ነው፤ አንተም እንግዳ ሆነህ አጠገቡ ስለ ተቀመጥህ ሰማህ» አሉኝ።

የአነጋገራቸው ትርጓሜ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ገብቶኝ ነበር። በአገራችን ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ዐዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት ፈጽሞ እንዲቀር ታወጀ። ዐዋጁ ሰውን ነጻ አወጣ፤ የሰው ምላስ ግን ከዐዋጁ ወደ ኋላ ቀረ። በብዙ ስፍራ ሰው ልጁን ሲድር የሩቅ አያት ይቈጥራል፤ አያቱ የተሸጠች ናት የተባለውንም ሰው፥ ምንም ጨዋና ሠራተኛ ቢሆን፥ ሊዛመደው አይወድም። ስለዚህ የአኮ ቤተ ሰብ ነገሩን በሆዱ ይዞ ኖረ፤ ዘመኑም ሲረዝም ጎረቤቱ ረሳው።

እኔ ግን ይህን ሁሉ እያወቅሁ ያን ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ጻፍሁት። የአኮን ስም ጨመርሁ፤ የመንደሩንም ስም ጨመርሁ፤ ዋጋው ከፍ የሚለው እንዲያ ሲሆን ነውና። ሰሚውንም እንዲያሳዝን ብዬ ልጅቱ ስትነጠቅ ያለቀሰችውን ልቅሶ ከራሴ ፈጥሬ አሳምሬ ጻፍሁ። አርባ ብር ተከፈለኝ። በገንዘቡ ጫማ ገዛሁ። አዲሱን ጫማ ተጫምቼ ከመቱ ገበያ ስወጣ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ እርሱ ነው።

ወጉ በራዲዮ ተነበበ። ከሦስት ወር በኋላ ከዚያ መንደር የመጣ አንድ ሰው ገበያ ላይ አገኘሁና የአኮን ደኅንነት ጠየቅሁት። «እርሳቸውስ አሉ» አለኝ። «የልጅ ልጃቸው ግን ታጭታ ነበር፤ የወንዱ ወገኖች ‹ዘራችሁን ከራዲዮ ሰማን› ብለው ቃላቸውን አፈረሱ። ልጅቱ ከቤት መውጣት ትታለች። ወሬውን ማን እንዳወጣው ማንም አላወቀም።»

ወሬውን ያወጣው ሰው ፊቱ ቆሞ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኢሉባቦር ሰፊ አገር ነው፤ ያን መንደር ዳግመኛ ሳልረግጥ ዕድሜዬን ሙሉ መኖር እችል ነበር። ማንም አይጠይቀኝም፤ ማንም አይከሰኝም። አንባቢ ሆይ፥ ሰው ራሱን የሚያውቀው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። ሊነጋጋ ሲል ተነሥቼ ሄድሁ፤ ሌላ ጫማ አልነበረኝምና የሄድሁት በዚያው ጫማ ነው።

አኮ በደጃቸው ባዩኝ ጊዜ ግባ አሉኝ። ቡና አፈሉልኝ፤ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ድረስም አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ሲኒውን ከመለስሁ በኋላ እግራቸው ላይ ወድቄ ጥፋቱ የእኔ እንደ ሆነ ተናዘዝሁ።

«ተነሥ፥ ልጄ» አሉኝ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። በስንት ሸጥኸው?»

«በአርባ ብር፥ አኮ።»

ጥቂት ዝም አሉና፥ «አያቴ በስንት እንደ ተሸጠች እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ዋጋዋን አሁን ዐወቅሁ» አሉ።

በዕድሜዬ ከዚህ ቃል የጠነከረ ዱላ አልቀመስሁም። ይዤው የሄድሁትን ገንዘብ በሁለት እጄ ባቀርብላቸው አልተቀበሉኝም። «ገንዘቡ ምን ያደርግልኛል? ይልቅስ የጻፍኸውን አንብብልኝ» አሉ። ያን ያህል ዘመን ስሠራ የጻፍሁትን ለባለቤቱ መልሼ ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ወደ ኦሮምኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። ልጅቱ ስትነጠቅ ካለቀሰችበት ስፍራ ስደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«አላለቀሰችም» አሉ። «አለቀሰች ብሎ ማን ነገረህ? መመለሻዋ እንዳይጠፋባት የምትሻገረውን ወንዝ ትቈጥር ነበር። ሰባት ወንዝ ቈጠረች። መመለስ ባይሆንላት ቍጥሩን ለልጆቿ አስተማረች፤ እኔም ልጆቼን ሳስተኛ የማንጐራጕረው እርሱን ነው። ያን ማታ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን ነገር አስተውሉ። እኔ የሸጥሁት የአኮን ወግ እንኳ አልነበረም፤ የገዛ ውሸቴን በእርሳቸው ስም ነው የሸጥሁት። ሰባቱ ወንዞች ያሉበት እውነተኛው ወግ በምድጃው አጠገብ ቀርቶ ነበር። ልቅሶ የፈጠርሁላት ልጅ ከእኔ ይልቅ ብርቱና ብልህ ነበረች። እንዲህም ሆኖ ስርቆቴ ድርብ ሆነ፤ ከአንዲት ልጅ ትዳሯን፥ ከአንዲት ሙት ክብርዋን ወሰድሁ።

ከመንደሩ ሽማግሎች ጋር ሆኜ ወደ ወንዱ ቤተ ሰብ ሁለት ጊዜ ሄድሁ። አልሆነም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ፥ የተነገረ ቃል ተመልሶ ወደ አፍ አይገባም። ልጅቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው አግብታ ልጆች እንደ ወለደች ሰምቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ይህ ግን የእርስዋ ዕድል ነው እንጂ የእኔን ጥፋት የሚሽር አይደለም። አኮ ከማረፋቸው በፊት ይህን ነገር ለወጣቶች ልጻፈው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ስሜን ተወውና ወንዞቹን ንገርልኝ» አሉኝ። ዛሬ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራውን ሦስት ዓመት ሠራሁ፤ ነገር ግን በሌላ ሕግ ነው። ደብተሬን የማወጣው በባለቤቱ ፊት ሆነ። የጻፍሁትን ሳላነብለት ከመንደሩ አልወጣም። «ይህ ለሕዝብ ይነገር ወይስ ለእሳቱ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ለእሳቱ ነው ያለኝን ቀድጄ እዚያው እሳት ውስጥ እጨምረዋለሁ። ከተከፈለኝም ገንዘብ ለባለወጉ እኩሌታውን እሰጣለሁ። ስም የሌለውን ወግ ገዢዬ በትንሽ ዋጋ ስለ ያዘው ገቢዬ አነሰ፤ አንዳንድ ቀንም ጦሜን አደርሁ። በመጨረሻ ሥራው እንጀራ አላወጣ ሲለኝ ተውሁትና በመቱ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንሁ። እንቅልፌ ግን ጥሩ ነበር።

ባለወጉን ማክበር ሥራን የሚያደኸይ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እንዲህ አይደለም። በጀርመን አገር ወንድማማቾቹ ግሪም የሕዝቡን ተረት ሰብስበው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1812 ጀምሮ ማሳተማቸው በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ከነገሯቸውም ሰዎች አንዷ ዶሮቴያ ፊማን የምትባል የልብስ ሰፊ ሚስት፥ የጓሮ አትክልት ወደ ከተማ እያመጣች የምትሸጥ ድኻ ሴት ነበረች። ወንድማማቾቹ በመጽሐፋቸው መቅድም አመሰገኗት፤ ከሞተችም በኋላ በ1819 በወጣው እትም መልኳን አሳትመው አወጡት። ይህን በማድረጋቸው መጽሐፋቸው አልቀለለም፤ ከበረ እንጂ። ልብ አድርጉ፤ የአንዷ ክብር ስሟን መጻፍ ነው፥ የሌላዋ ክብር ስሟን መሰወር ነው። የትኛው እንደሚገባ የሚያውቀው ባለቤቱ ነውና መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዛሬ በመቱ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ ወጣቱም ሁሉ በኪሱ ድምፅና መልክ የሚቀዳ ስልክ ይዞ ይሄዳል። እኔ በሦስት ወር ያደረስሁትን ጥፋት እርሱ በአንድ ሰዓት ሊያደርሰው ይችላል። የያዮ የቡና ደን በ2010 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ ተመዝግቦ ጥበቃ ተደርጎለታል፤ ዛፉን ያለ ፈቃድ የሚቈርጥ ይጠየቃል። የአሮጊቲቱን ወግ ያለ ፈቃድ የሚቈርጠውን ግን ከገዛ ሕሊናው በቀር ማን ይጠይቀዋል?

እንግዲህ «ከሰው ወግ ራቁ፥ አትጠይቁ» ማለቴ አይደለም። ሂዱ፤ ጠይቁ። ሽማግሎቹ እያለፉ ነው፤ የማይጠየቅ ወግም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በሥራችሁም እንጀራ ብትበሉ ነውር የለበትም። ነገር ግን በአገራችን የማር ቆራጭን ሥራ ተመልከቱ። በሌሊት ጢስ ይዞ ከረጅሙ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ቀፎውን ሲከፍት አስተዋይ የሆነው ለንቦቹ ስንቅ ትቶ ይወርዳል፤ ስግብግቡ ግን ሁሉን ሟጥጦ ይወስድና በሚመጣው ዓመት ባዶ ቀፎ ያገኛል።

የሰው ወግ የሰው ገንዘብ ነው። ተበድራችሁ ብሉ፤ አትስረቁ። ባለቤቱ ለእሳቱ የነገረውንም ለእሳቱ ተዉለት።